እናታችንን የት እናሳክም? የግል ወይስ የመንግሥት ሆስፒታል

ጥያቄ፦ እናታችን 62 ዓመቷ ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛም ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከቀኝ ጎኗ የጎድን አጥንት ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባዋ የሚሄድ ሕመም ሲመላለስባት ቆይቶ በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር መሆኑ ታወቀ፤ ሐኪሙም የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ነገረን። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ወራት የሚወስድ ሲሆን፣ በግል ሆስፒታል ግን በሳምንት ውስጥ ሊሠራላት ይችላል። ወንድሜ ተበድረንም ቢሆን የግሉ ይሻላል ይላል፤ እኔ ደግሞ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ያሉት በመንግሥቱ ነው ባይ ነኝ። መግባባት ስላቃተን ምክራችሁን እንሻለን።

መልስ፦ በሁለታችሁም ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ፤ ሆኖም ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ሆስፒታሉ ባለቤት እንጂ ስለ እናትዎ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ሕመማቸው ጊዜ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑ ነው። እንደ ገለጻዎ ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ቦታውን አጣርታችሁ ለመምረጥ ፋታ አላችሁ። ፋታው የሚያበቃው ሕመሙ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ የዐይናቸው ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ማስታወኩ አልቆም ካለ ነው። እነዚህ ምልክቶች የሐሞት ከረጢቱ መቆጣቱን፣ ጠጠር የሐሞት ቱቦን መዝጋቱን ወይም ፓንክሪያስ የተባለው እጢ መታመሙን ሊያመለክቱ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ የግል ወይስ የመንግሥት የሚለው ክርክር ቀርቶ ቀንና ሌሊት ድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥ ቅርብ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ቀዶ ሕክምና የእጅ ሥራ ነው፤ እጅ ደግሞ የሚሠለጥነው በመደጋገም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የወጡ በርካታ ጥናቶች፣ በተለይ ከባድ በሆኑ ቀዶ ሕክምናዎች፣ አንድን ሕክምና አዘውትረው የሚሠሩ ሆስፒታሎች አልፎ አልፎ ከሚሠሩት ያነሰ ሞት እንደሚያጋጥማቸው አሳይተዋል። የሐሞት ከረጢት ማውጣት ከከባዶቹ የሚመደብ ባይሆንም የራሱ አደጋ አለው። በካሜራ እየታየ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚሠራበት ጊዜ ዋናው የሐሞት ቱቦ የሚጎዳው ከ1000 ታካሚዎች ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን በአክብሮት፣ ግን ሳትፈሩ፣ ይህን ቀዶ ሕክምና በወር ስንት ጊዜ እንደሚሠራና በካሜራ መቀጠል ካልተቻለ ወዲያውኑ ሆድ ከፍቶ ለመጨረስ ዝግጅቱ እንዳለ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነ ሌላ ሐኪም መፈለግ መብታችሁ ነው።

ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በመንግሥት ሆስፒታል ናቸው ማለትዎ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ በተለይ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ብዙና ከባድ ሕመምተኞች ስለሚደርሷቸው ሐኪሞቻቸው ብዙ ያያሉ። ይሁን እንጂ በብዙ አገሮች አንዱ ቀዶ ሐኪም ቀን በመንግሥቱ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ በግሉ ሆስፒታል ይሠራል። እንዲህ ሲሆን የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት ሐኪሙ መሆኑ ይቀርና በዙሪያው ያለው የሰመመን ባለሙያ፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ፣ የደም አቅርቦትና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሆናል።

በእኔ እምነት ቤተሰብ ሆስፒታል ሲመርጥ ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ሌሊቱን ነው። ቀዶ ሕክምናው ረፋድ ላይ በሰላም አለቀ እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የእናትዎ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፣ ሆዳቸው እየተወጠረ ይሄዳል፤ ምናልባትም ውስጥ ለውስጥ ደም እየፈሰሳቸው ነው። ይህ በጊዜ እንዲታወቅ በየተወሰነው ሰዓት እየለካች የምትመዘግብ፣ ብዙ ሕመምተኛ ያልተጫነባት ነርስ ታስፈልጋለች፤ የምትጠራውም ሐኪም ግቢው ውስጥ ያደረ ተረኛ መሆን አለበት፤ ስልክ ተደውሎለት ከቤቱ የሚነሣ ከሆነ ጊዜ ያልፋል። ከዚያ ላቦራቶሪው ክፍት መሆን፣ ደም መገኘት፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉና የሰመመን ባለሙያው መድረስ ይኖርባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ይመጣል፤ ያ መንገድ ደግሞ ለሚደማ ሰው ረጅም ነው።

ይህን የምለው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ዝቅተኛ ሞት ያላቸውን ሆስፒታሎች ከፍተኛ ሞት ካላቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ችግር የገጠማቸው ሕመምተኞች መጠን በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በሰፊው የተለያዩት ከባድ ችግር ከገጠማቸው ሰዎች መካከል በሞቱት ነው፤ ዝቅተኛ ሞት ባላቸው 12.5 በመቶ፣ ከፍተኛ ሞት ባላቸው 21.4 በመቶ ነበር። ችግር በየትም ቦታ ይደርሳል፤ ሆስፒታልን ከሆስፒታል የሚለየው በአመዛኙ ደርሶ ሕይወት የማትረፍ አቅሙ ነው። ወንድምዎ የግል ሆስፒታሉን ንጽሕናና ጸጥታ አይቶ ከሆነ የወደደው፣ ሌሊት ደም ቢፈሳቸው እዚሁ ትሠሩላቸዋላችሁ ወይስ ወደ ሌላ ትልካላችሁ ብሎ ይጠይቅ። እርስዎም ይህንኑ ጥያቄ ለመንግሥት ሆስፒታሉ ማቅረብ ይገባዎታል፤ ምክንያቱም የሕንፃው ትልቅነት ሌሊት በየክፍሉ በቂ ነርስ መኖሩን አያረጋግጥም።

የእናትዎ ስኳርና የደም ግፊት ጉዳዩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ከፍ ያለ ስኳር ቁስል እንዳይድንና እንዲመረቅዝ ያደርጋል፤ ሰመመንም በእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ቀደም ብሎ የሰመመን ባለሙያ በአካል አይቶ የማይመረምራቸው፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይም ደም ስለሚያቀጥን መድኃኒት፣ የማይጠይቃቸው ሆስፒታል ነገ እንሠራልዎታለን ቢል ፍጥነቱን እንደ በጎ ነገር አትቁጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ከሰመመን በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ከክፍሉ ከመውጣት በፊት ቡድኑ በቃል የሚያረጋግጣቸውን ነጥቦች ይዟል፤ የሕመምተኛው ማንነት፣ የሚሠራው ሥራ፣ የአለርጂ ሁኔታ፣ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መሰጠት፣ የመሣሪያና የፋሻ ቆጠራ ከነዚህ መካከል ናቸው። በ8 ከተሞች፣ ሀብታም በሆኑትም ባልሆኑትም አገሮች፣ ሲሞከር ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ሆስፒታሉ ይህን ቅጽ ይጠቀም እንደሆነ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። እናትዎም ስማቸውንና የሚደረግላቸውን ሕክምና ደጋግመው ሲጠየቁ እንዳይሰለቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስለ ብድሩ ግልጽ ልሁን። መበደር ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የምትበደሩት ገንዘብ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ከታወቀ በኋላ መሆን አለበት። መጀመሪያ የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምናው ብቻ ነው፤ የሰመመን፣ የምርመራ፣ የመድኃኒት፣ የአልጋ፣ የወጣው ከረጢት ተልኮ የሚመረመርበት የፓቶሎጂ ክፍያ ተጨምሮበት እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። በተለይ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ቀን ስንት እንደሚያስከፍል ሳታውቁ አትፈርሙ። ቤተሰብን የሚያናጋው የታቀደው ወጪ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን የሚመጣው ያልታሰበ ሒሳብ ነው፤ ገንዘብ አልቆ ሕመምተኛን በሕክምና መካከል ማንሣት ደግሞ ከመጀመሪያው ወረፋ ከመጠበቅ የከፋ ነው።

ወረፋ መጠበቅም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም። በጥበቃው ወራት ሕመሙ ሊመላለስ፣ የሐሞት ከረጢቱም ሊቆጣ ይችላል፤ ቀጠሮው ደርሶም ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲገባ ሊሰረዝ ይችላል። በማስተማሪያ ሆስፒታል ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም፣ ሊሠራላቸው ይችላል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ስጋት አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ስፔሻሊስቱ በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይመራ እንደሆነ ነው።

በቀረበልኝ መረጃ ብቻ ከፈረድኩ፣ ሕመሙ ካልባሰ በስተቀር ወረፋውን ዛሬውኑ ይዛችሁ በጥበቃው ጊዜ ስኳራቸውና ግፊታቸው እንዲስተካከል ማድረግን እመርጣለሁ። በግል የሚደረግ ነገር ካለ ምርመራው ይሁን፤ ውጤቱ የትም ቢሄዱ ያገለግላቸዋል። የሕመም ዙሩ እየተቀራረበ ከመጣ ወደ ሐኪሙ ተመልሳችሁ ቀጠሮው ቀደም እንዲል ጠይቁ። እምቢ ከተባለና የግሉ ሆስፒታል ከላይ ላነሣኋቸው የሌሊት ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ ከሰጣችሁ፣ ያኔ የወንድምዎ ሐሳብ ያመዝናል፤ ያለ ቅሬታ ተስማሙበት።

ጥያቄ፦ በመንግሥት ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም፣ እዚህ ከምትጠብቅ እኔ በምሠራበት የግል ሆስፒታል ቶሎ ልሥራልህ አለኝ። ነገሩ አሳሰበኝ፤ እምቢ ብለው ይቀየመኛል ብዬም ፈራሁ።

መልስ፦ ሐኪሙ በቅንነት ሊረዳዎት አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምክሩን የሚሰጠው ሰው ከምክሩ ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ ሁለተኛ ሐሳብ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ቅን ሐኪምም ይህን አይከለክልም። ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነና መቆየቱ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ፣ በሁለቱም ቦታ ጥቅም የሌለውን ሌላ ስፔሻሊስት ይጠይቁ። ለዚህም የምርመራ ውጤትዎን፣ የአልትራሳውንድ ወረቀቱንና ሐኪሙ የጻፈውን ማጠቃለያ ቅጂ ይውሰዱ። ላስብበት ብሎ መመለስ በቂ መልስ ነው፤ ምክንያት ማብራራት አይጠበቅብዎትም። በመንግሥት ሆስፒታሉ ያለዎትን ወረፋ ግን በግሉ ቦታ የሚሠራበት ቀንና ሙሉ ዋጋው በጽሑፍ እስኪሰጥዎት ድረስ አይሰርዙት።