ማን ይቆይ? ማን ይምጣ? ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክረምት ሲገባ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ዝውውርና ስለ ቅድመ ውድድር ዝግጅት ናቸው። በዚህ እትም ከጅማ የመጡትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን አዘጋጆች። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይህን ያህል ተጫዋች አስፈረምን ይባላል፣ ማሊያ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ፣ እኛም ደስ ይለናል። ኅዳር ሲደርስ ግን ሜዳ ላይ የምናየው እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ቡድን ነው። ለመሆኑ አንድ ቡድን በአንድ ክረምት ስንት ሰው ቢቀይር ነው ደህና የሚባለው? (ከሄርማታ)

መልስ፦ በእኛ እምነት ከቋሚ አሰላለፉ ሦስት ሰው፣ ግድ ከሆነ አራት። ነገር ግን የፈራሚዎቹን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ የቆዩትን ደቂቃ ቢቆጥሩ እውነቱ ቶሎ ይገለጥልዎታል። 30 ጨዋታ ባለው ውድድር አንድ ቡድን በጠቅላላው 29,700 የተጫዋች ደቂቃ አለው፤ 30 ጨዋታ በ90 ደቂቃ፣ በ11 ሰው ማለት ነው። ወረቀት ይያዙና ውላቸውን ያራዘሙት ተጫዋቾች ባለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደተጫወቱ ይደምሩ። 28 ጨዋታ ሙሉ የቆመ በረኛ ብቻውን 2,520 ደቂቃ ይዞ ይመጣል። ድምሩ ወደ 20,000 ከተጠጋ ቡድኑ ካለፈው የቀጠለ ቡድን ነው። ከ15,000 በታች ከወረደ ግን ስሙ የድሮ ይሁን እንጂ ቡድኑ አዲስ ነው፤ ለመግባባት እስከ ጥር ድረስ ጊዜ ቢፈልግ አይግረምዎት።

ቀጥሎ የሚታየው የትኛው ቦታ እንደተቀየረ ነው። የመስመር አጥቂን መቀየር ብዙም አይጎዳም። በረኛውን፣ ሁለቱን የመሃል ተከላካዮች፣ ከፊታቸው የሚቆመውን አማካይና የፊት አጥቂውን ባንድ ክረምት መንካት ግን የቤቱን ምሰሶ መንቀል ነው። ምክንያቱን ሜዳ ላይ ማየት ይቻላል። ረጅም ኳስ ሲመጣ አንዱ የመሃል ተከላካይ በጭንቅላት ሊገጭ ወደፊት ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ ስምንት አሥር ሜትር ያህል ወደኋላ ሸሽቶ ያመለጠውን ለመልቀም ይዘጋጃል። አብረው የከረሙ ሁለት ሰዎች ይህን ሳይነጋገሩ ያደርጉታል። በነሐሴ የተገናኙት ግን ወይ ሁለቱም ይወጣሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። በሁለቱም መንገድ አጥቂው ብቻውን ከበረኛው ጋር ይፋጠጣል። ደጋፊው በረኛውን ይሰድባል እንጂ ጥፋቱ የተሠራው ክረምት ላይ ነው።

ለዚህ ከጅማ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2010፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ዋንጫውን አነሳ። አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ግብ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ወዲያው አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ወደ መቀለ 70 እንደርታ ሄደና በ2011 እዚያም ሻምፒዮን ሆነ፤ አጥቂውም ከክለቡ ለቀቀ። አሰልጣኝና ግብ አግቢ ባንድ ክረምት ሲሄዱ የቀረው ቡድን ወኔ አላነሰውም፤ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ጅቡቲ ቴሌኮምን ጥሎ የግብጹን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፏል፣ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ቢወድቅም። ያን ቡድን ሁለት ዓመት አንድ ላይ ማቆየት ተችሎ ቢሆን የት ይደርስ ነበር? ይህን ስናስብ ዛሬም ይቆጨናል። ክለቡ በ2014 ከሊጉ ወረደ።

ስለዚህ የክረምቱ ትልቁ ፊርማ ነባሩን ማቆየት ነው ብለን እናምናለን፤ እሱም የሚሠራው በክረምት አይደለም። በፊፋ ደንብ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መስማማት ይችላል። ውሉ ሰኔ 30 የሚያበቃ ልጅ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እጁ ነጻ ነው ማለት ነው። ሐምሌ ላይ «ቆይልን» የሚል ክለብ ከስድስት ወር በላይ ዘግይቷል።

ጠቅላላ ብዛትን በተመለከተ፣ ሦስት በረኛና ሃያ ወይም ሃያ ሁለት የሜዳ ተጫዋች ይበቃል፤ ለየቦታው ሁለት ሰው። ከዚያ ካለፈ ልምምድ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲጫወቱ የተረፉት ዳር ቆመው ያያሉ፣ ዳር የቆመ ደግሞ ያጉረመርማል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዝግጅት ወቅት አንድ ቡድን በወዳጅነት ጨዋታ 6 ለ 0 ሲያሸንፍ ጓደኞቼ «አለቀ፣ ዋንጫው የኛ ነው» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም፤ ግን ምን ማየት እንዳለብኝም አላውቅም። (ከጅማ ዋና ግቢ)

መልስ፦ አለመዋጡ ትክክል ነው። ውጤቱን እርሳው። መጀመሪያ ቦታህን ምረጥ፤ ሜዳው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ከፍ ብለህ፣ ቢቻል ከግቡ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥ። ከዚያ ሲታይ በተከላካይና በአማካይ መስመር መካከል ያለው ክፍተት እንደ በር ወለል ብሎ ይታያል።

ከዚያ ዓይንህን ከኳሱ አንሳ። ቡድኑ ኳስ በተነጠቀበት ቅጽበት እስከ ስድስት ቁጠርና ሦስቱ ለኳሱ ቅርብ የሆኑት ምን እንደሚያደርጉ እይ። እጃቸውን አንስተው ዳኛውን የሚያዩ ከሆነ፣ በደካማ ቡድን ላይ ስድስት ያገባው በጠንካራው ላይ ሦስት ይቆጠርበታል። በተለይ ኳሱ በግራ ጠፍቶ ሳለ የቀኝ ተመላላሹን፣ ማለትም በቀኝ መስመር የሚጫወተውን ተከላካይ፣ ተመልከት። ወደ መሃል ጠበብ ብሎ ከመሃል ተከላካዩ ጎን ከደረሰ የሠለጠነ ነው፤ መስመሩ ላይ ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ ከሆነ በሚቀጥለው ተሻጋሪ ኳስ ይቀጣል።

ደብተር ያዝና ደቂቃ ጻፍ። በመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መጫወቱ ጤናማ ነው፤ አሰልጣኙ ሁለት ቡድን ሠርቶ በእረፍት ይቀይራል። በሦስተኛው ወደ 60 እና 75 ማደግ አለበት። ውድድሩ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ግን ስድስት ሰባት ሰዎች 90 ደቂቃ መጨረስ ካልቻሉና አሁንም በእረፍት አሥራ አንዱም የሚቀየሩ ከሆነ፣ አሰልጣኙ ቋሚ ቡድኑን አላወቀውም። ይህን ምልክት እኛ ከማንኛውም ውጤት በላይ እንፈራዋለን።

የአየሩንም ነገር አስብበት። ጅማ በነሐሴና በመስከረም ዝናቡ አይለቅም፤ ሳሩ ሲረጥብ ኳሱ አንዴ ይንሸራተታል፣ ውሃ ባቆረበት ደግሞ ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ አንድን አማካይ «ኳስ አይዝም» ብሎ መጣል ግፍ ነው። በእርጥብ ሜዳ መታየት ያለበት ሚዛኑ ነው፤ ሲዞር እግሩ ከከዳው ወይ ታኬታው አጭር ነው፣ ወይ ሰውነቱን ወደኋላ ጥሎ ነው የሚሮጠው። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዟዟረ ሲካሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በቀዝቃዛ አየር የተዘጋጀ ቡድን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ 60ኛው ደቂቃ ላይ እግሩ ይከብደዋል። አምስት ቅያሬ በተፈቀደበት ዘመን ተጠባባቂ ወንበሩ ግማሽ ቡድን ነው። ስለዚህ በወዳጅነት ጨዋታ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ የሚገቡትን በደንብ እያቸው፤ በድካም ሰዓት ጨዋታ የሚያፋጥን ሰው አለን ወይ ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቆጪ አካባቢ የታዳጊ ቡድን አሠለጥናለሁ። ትልልቆቹም የኔዎቹም ዝግጅት በጀመሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ የኋላ ጭናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ተጫዋቹ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ተቀምጦ ይከርምና በመጀመሪያው ቀን ዳገት ሩጥ ይባላል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በጭቃ ላይ በሙሉ ፍጥነት ይነዳል። የኋላ ጭን ጡንቻ የሚበጠሰው እግር ወደፊት ተዘርግቶ መሬት ሊረግጥ ሲል፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን በሚይዝበት ቅጽበት ነው። ያን ፍሬን ዳገት መሮጥ አያጠነክረውም።

የፊፋ 11+ የሚባለውን ማሟሟቂያ ይጀምሩ። ኳስና ጥቂት ምልክት ማድረጊያ ካለዎት ሌላ ወጪ የለውም። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ሁሉም 20 ደቂቃ ይወስዳል። 8 ደቂቃ ለዘብ ያለ ሩጫ ከጓደኛ ጋር፣ 10 ደቂቃ ጥንካሬ፣ ሚዛንና ዝላይ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ካልተሠራ አይጠቅምም።

ከውስጡ አንዷን እንቅስቃሴ በጥንቃቄ ያስተምሩ። ልጁ ለስላሳ ነገር ላይ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች መሬት ላይ አጥብቆ ይይዛል። ልጁ ከጉልበቱ እስከ ራሱ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ በዝግታ ወደፊት ያጋድላል፤ መቆጣጠር ሲያቅተው በእጁ መሬት ይቀበላል። ጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ ሲለምድ ከ7 እስከ 10፣ ሲጠነክር ከ12 እስከ 15። ሁሉም የሚሳሳተው ወገቡ ላይ በማጠፍ ነው፤ መቀመጫው ወደኋላ ከቀረ ጡንቻው አልሠራም። የመጀመሪያው ሳምንት ጭኑ ያመዋል፣ ይህ የተለመደ ነው። በጨዋታ ዋዜማ ግን አያሠሩ።

ሙሉ ፍጥነት ከሦስተኛው ሳምንት በፊት አይሁን። ሲሆንም ልጆቹ ከሟሟቁ በኋላ ወዲያው እንጂ በልምምድ ማብቂያ፣ በደከመ እግር አይደለም። ሜዳው ጭቃ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሜትር ባለ አጭር መነሻ ይተኩት። ለትልልቆቹ ክለቦች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፦ ባለፈው ዓመት 400 ደቂቃ ብቻ የተጫወተን ሰው አስፈርመው በየሦስት ቀኑ 90 ደቂቃ ቢያሰልፉት፣ ጉዳቱን ራሳቸው ናቸው የገዙት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እኔ የጅሬን ሽማግሌ ነኝ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ሰፈር ብዙ ኳስ የሚያውቅ ልጅ ይወጣል። ክለቦች ግን ከሩቅ እያመጡ የኛን ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ። ለምን?

መልስ፦ አባታችን፣ ቅሬታዎ ልክ ነው። አሰልጣኝ በሁለተኛው ሽንፈት ሊባረር እንደሚችል ስለሚያውቅ በልጅ አይደፍርም። እኛ የምንመክረው ስድስት ሰባት ልጅ ባንዴ አሳድጎ መርሳት ሳይሆን ሁለት ብቻ ማሳደግ ነው፤ እነሱንም በቦታቸው ልምድ ያለው ትልቅ ተጫዋች ባለበት ቦታ። በዓመት 600 ደቂቃ ያህል የማያገኝ ከሆነ በውሰት ዝቅ ወዳለ ሊግ ይሂድ። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረመ የ19 ዓመት ልጅ ካለፈው ዓመት ያነሰ ሆኖ ይመለሳል።

የሰፈር ቡድኖችም ልጁን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በወጉ ያስመዝግቡ። ተጫዋቹ አንድ ቀን ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ውጭ አገር ክለብ ቢዛወር፣ በፊፋ ደንብ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ምዝገባ የሌለው ቡድን ግን የሚያሳየው ማስረጃ ስለሌለው ባዶ እጁን ይቀራል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ክለቦች ደህና ተጫዋች እያላቸው ለምን ከዝርዝር ያስወጡታል? (ከፈረንጅ አራዳ፣ የአርሰናል ደጋፊ)

መልስ፦ ክለቡ ለፕሪሚየር ሊጉ የሚያስመዘግበው ዝርዝር 25 ሰው ነው፣ ከዚያ ውስጥ «አገር በቀል» ያልሆኑት ከ17 መብለጥ አይችሉም። አገር በቀል ማለት ዜግነት አይደለም፤ 21 ዓመት ሳይሞላው ሦስት የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ የተመዘገበ ማለት ነው። ከ21 በታች የሆኑት ሳይቆጠሩ ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 መስኡት ኦዚልና ሶክራቲስ ከአርሰናል ዝርዝር ሲወጡ ክለቡ ከ17 በላይ አገር በቀል ያልሆኑ ተጫዋቾች ነበሩት፣ ከቁጥሩ ያለፉት መቅረታቸው ግድ ነበር። ኦዚል እንዲቀር የመረጠው ግን አሰልጣኙ ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ አዲስ ስም ሲሰሙ ቀድመው ይህን ሂሳብ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ዋና ተጫዋች በዓመቱ አጋማሽ በነጻ ሲሄድ ክለቡ ዝም ይላል። እንዴት ይሆናል? (ከአጂፕ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ደመወዝ ነው። በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ ያሳውቃል፣ እንዲከፍልም ቢያንስ 15 ቀን ይሰጠዋል። ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት አቋርጦ በነጻ ይሄዳል፤ ካሳም ሊጠይቅ ይችላል። የተወሰነበትን ካሳ ያልከፈለ ክለብ እስከ ሦስት ተከታታይ የምዝገባ ጊዜ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል። ነሐሴ ላይ የፈረመ ተጫዋች መስከረም ላይ ሜዳ ሳይገባ ቢቀርና ክለቡ «ወረቀቱ አላለቀም» ቢል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እግድ አለ ወይ የሚለው ነው።