ስለ ቲቲፒ ጠይቁኝ፦ የቲኤንኤፍን መልእክት የሚያስፈርሰው ፕሮቲን

ሴል ኤምአርኤንኤን (የፕሮቲን አሠራር መመሪያ ከዘረመል ቀድቶ የሚያደርሰውን ሞለኪውል) እንዴት እንደሚያፈርስ የምትጠይቁ በዝታችኋል። ሁሉንም ከመነካካት አንድ ፕሮቲን ይዤ ብመልስ ይሻላል፦ ትራይስቴትራፕሮሊን፣ ባጭሩ ቲቲፒ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ፣ ሥራው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዘረመሉ ክሮሞዞም 19 ላይ ነው። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ 326 አሚኖ አሲድ። ዚንክ የያዙ ሁለት እጥፋቶች አሉት። በእነሱ ኤምአርኤንኤው መጨረሻ አካባቢ፣ አዴኒንና ዩራሲል የሚባሉት የኤምአርኤንኤ ፊደላት የበዙበትን ቦታ ይይዛል። ራሱ አይቆርጥም። ሲሲአር4-ኖት የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ ይጠራል፤ ስብስቡ የፖሊ-ኤ ጅራቱን (ኤምአርኤንኤው ጫፍ ላይ የተደረደሩትን አዴኒኖች) ያሳጥራል። ጅራቱን ያጣ ኤምአርኤንኤ ብዙ አይቆይም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም የሚያጠፋ ከሆነ ሴሉ አይሞትም እንዴ?

መልስ፦ ሁሉንም አይነካም፤ ያ ቦታ ያለባቸውን ብቻ ነው። ከዋነኞቹ አንዱ የቲኤንኤፍ ኤምአርኤንኤ ነው፤ ቲኤንኤፍ ብግነት የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ነው።

ጥያቄ፦ በምን ታወቀ?

መልስ፦ በአይጥ። በ1996 ቲቲፒ የሌላቸው አይጦች ተሠሩ። ሲወለዱ ጤነኛ ይመስላሉ። ከዚያ ግን ይከሳሉ፣ መገጣጠሚያቸው ይቆጣል፣ ቆዳቸው ይታመማል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የቲኤንኤፍ መከላከያ አንቲቦዲ ሲሰጣቸው ሕመሙ ከሞላ ጎደል ቀረ። በ1998 ደግሞ ቲቲፒ የቲኤንኤፍን ኤምአርኤንኤ በቀጥታ ይዞ ዕድሜውን እንደሚያሳጥር ታየ።

ጥያቄ፦ ጀርም ሲገባ እኮ ቲኤንኤፍ ያስፈልገናል። ቲቲፒ ካለ እንዴት ይመረታል?

መልስ፦ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ማክሮፋጅ የሚባለው የመከላከያ ሴል ጀርም ሲያገኝ ፒ38 የሚባል ኢንዛይም ይነሳል። እሱ ኤምኬ2 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ያነቃል፣ ኤምኬ2 ደግሞ ቲቲፒ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ፎስፌት የተለጠፈበት ቲቲፒ ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ ቲኤንኤፍ እንደ ልብ ይመረታል። ግን ያው ምልክት ራሱ አዲስ ቲቲፒ በብዛት ያሠራል! ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ሥራ የፈታ ቲቲፒ ይከማቻል። ምልክቱ ሲበርድ ፒፒ2ኤ የሚባል ኢንዛይም ፎስፌቱን ያነሳል፣ የተከማቸው ሁሉ ሥራ ይጀምራል። ማጥፊያው የሚዘጋጀው ገና እሳቱ ሲለኮስ ነው ማለት ነው። እነዚህ የፎስፌት ቦታዎች ተቀይረው ቲቲፒ ሁሌም እንዲሠራ የተደረጉ አይጦች፣ በሙከራ የሚቀሰቀስ የመገጣጠሚያ ብግነትን ተቋቁመዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፒ38ን የሚያግድ ክኒን መስጠት ነዋ!

መልስ፦ ተሞክሮ ነበር። በሩማቶይድ አርትራይተስ (ዘላቂ የመገጣጠሚያ ብግነት) ላይ ውጤቱ ደካማ ሆነ፤ ጉበት ላይም ችግር ታየ። አስቡት፣ ፒ38ን ስታግዱ አዲስ ቲቲፒ መመረቱም ይቀንሳል። ዴክሳሜታሶን የሚባለው የብግነት መድኃኒት ግን ከሥራዎቹ አንዱ ፒ38ን የሚያቀዘቅዝ ፕሮቲን ማብዛት ነው፤ በዚያ በኩል ቲቲፒ ላይ የሚለጠፈውን ፎስፌት ቀንሶ ቲቲፒን ያግዛል።

ጥያቄ፦ እናቴ ሩማቶይድ አለባት። የቲቲፒ ምርመራ ላሠራላት?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ። አያስፈልግም፣ ሕክምናዋ በዚያ አይወሰንም። እንደ አዳሊሙማብ ያሉት መድኃኒቶች የሚይዙት ራሱን ቲኤንኤፍን ነው። ስለነሱ ሐኪሟን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የኮቪድ ክትባቱ ኤምአርኤንኤስ? ሰውነት ውስጥ ይቀራል ይላሉ።

መልስ፦ እሱም እንደ ሌላው ኤምአርኤንኤ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ሌላ እንደ ቲቲፒ ያለ አለ?

መልስ፦ ሰው ላይ ሁለት ዘመዶች አሉት፣ ዜድኤፍፒ36ኤል1 እና ኤል2። አንዱ የሌላውን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። የመጀመሪያው የጠፋባቸው የአይጥ ፅንሶች ሳይወለዱ ይሞታሉ።