ፋይሉን ከግሩፑ ማጥፋት ብቻ አይበቃም

አንድ አንባቢ የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነው። ከሚያውቀው አባል አካውንት «የክፍያ ደረሰኝ» የሚል ኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ ስልክ አፕ መጫኛ) ተለጠፈ። ፋይሉን አጠፋ፣ ሰውየውንም አስወጣ። በማግስቱ ያው ፋይል ከሌላ አባል መጣ። «እንዲህ እያጠፋሁ ልኖር ነው?» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያስወጣኸውን ሰው ደውልለት። በጽሑፍ አይሁን፣ አካውንቱን የያዘው ሌባ ሊያነበው ይችላል። ፋይሉን ከፍቶ ከሆነ ስልኩን ከኢንተርኔት ያቋርጥና በፋይሉ የተጫነውን አፕ ያጥፋ። አልጠፋም ካለ «ዲቫይስ አድሚን» የሚባለውን፣ ስልኩን ለመቆጣጠር የሚያስችል ፈቃድ ወስዶ ይሆናል፤ ሴቲንግ ገብቶ ፈቃዱን ይንሳው። ከዚያ ኢንተርኔቱን መልሶ፣ ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» የሚለው ጋ ሌሎቹን ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ያስወጣ፣ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም ያብራ። የባንክ አፕ ካለው ለባንኩ አሁኑኑ ይደውል። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ፎቶና ሰነዱን አስቀምጦ ስልኩን ሪሴት ቢያደርገው ይሻላል።

አሁን ወደ ፋይሉ። ከግሩፑ አጥፋው፣ ግን አንድ ኮፒ ኮምፒውተር ላይ አውርደህ ሳትከፍት ቫይረስቶታል የተባለው የፋይል መመርመሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫነው። ነፃ ነው። በአንድ ጊዜ በብዙ አስር አንቲቫይረሶች ይፈተሻል። ብዙ ሰው ይህን መመርመሪያ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ የጫንከው ፋይል ግን ለአንቲቫይረስ ድርጅቶቹም ይደርሳል፣ እነሱም ናሙናውን አይተው፣ አንተ የማታውቀው ሰው ስልክ ላይ ሳይቀር እንዲያዝ ማድረግ ይችላሉ። በዚሁ ምክንያት መታወቂያ፣ ውል፣ የግል ሰነድ እዚያ በፍጹም አትጫን። ውጤቱ ዜሮ ቢልህም ንጹህ ነው ብለህ አትደምድም። አዲስ ከሆነ ገና ማንም አላየውም። በነጋታው ተመልሰህ እንደገና አስፈትሸው።

ፋይሉ በሊንክ ከመጣ ሊንኩን ለጉግል ሴፍ ብራውዚንግ፣ ማለትም ለጉግል የአደገኛ ድረ ገጾች ዝርዝር ሪፖርት አድርግ። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ቀዩን ማስጠንቀቂያ ሲያሳዩ ይህን ዝርዝር ይጠቀማሉ። ሊንኩ ቫይረሱን በቀጥታ የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ ዩአርኤልሃውስ የተባለ የቫይረስ ሊንኮች መሰብሰቢያ አለ፤ ፋይሉ የተቀመጠበትን ሰርቨር ለሚያከራየው ድርጅት አሳውቆ ፋይሉ ከዚያ እንዲነሳ ይጠይቃል። የአንድ ሰው ሪፖርት ምን ይፈይዳል እንዳትል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮንፊከር የተባለው ትል (ራሱን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚያሰራጭ ቫይረስ) በየቀኑ 250 አዳዲስ የድረ ገጽ ስሞች እየፈጠረ ትእዛዝ ሲቀበል፣ ተፎካካሪ ድርጅቶች ሳይቀሩ ተባብረው ነው ሌቦቹ እንዳይጠቀሙባቸው ስሞቹን ቀድመው ያስመዘገቡት። አንድ ድርጅት ብቻውን የሚችለው አልነበረም።

ግሩፑ ላይ አባላት ፋይል የመላክ ፈቃዳቸውን ለጊዜው ዝጋ። ስታስጠነቅቅ ስክሪንሾት ለጥፍ፣ ፋይሉን ራሱን ፎርዋርድ አታድርግ፤ ሊንክ ከሆነም መሐሉ ላይ ክፍተት አስገባበት፣ ሰው ሳያስበው እንዳይነካው። «ማን ከፈተው?» ብለህ በአደባባይ አትቆጣ። ያፈረ ሰው ይደብቃል፣ የደበቀው ስልክም ነገ ያንኑ ፋይል መልሶ ይልክልሃል። የከፈተ ሰው በግል እንዲደውልልህ ንገራቸው።