ሁለቱን ዓምድ ከሞላችሁ በኋላ

ልጆቼ፣ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ልማድ ነበረኝ። የአንድ መጽሐፍ ገጸ ባሕርያትን ለማነጻጸር ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በመስመር እከፍለዋለሁ። በግራ ሀብታም፣ በቀኝ ድሃ። በግራ ጨካኝ፣ በቀኝ ደግ። ተማሪዎቼ ዓምዶቹን ሞልተው ያስረክቡኛል፣ እኔም ጎሽ ብዬ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ። አሁን ሳስበው ትንሽ አፍራለሁ። ሠንጠረዡ ስህተት ኖሮበት አይደለም። ሥራው ገና መጀመሩ ሆኖ ሳለ እኔ እዚያው ስለማቆም ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ኤስ ኢ ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ»ን መጻፍ ስትጀምር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። ታሪኩ ሁለት የወጣት ቡድኖችን ያፋጥጣል፤ የድሃ ሰፈሮቹን ግሪሰሮችና የሀብታም ልጆቹን ሶሾች። ለሠንጠረዥ ከዚህ የቀለለ መጽሐፍ አታገኙም። ቅባት የጠገበ ረጅም ጸጉር በዚህ፣ ቆንጆ መኪና በዚያ። በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

አሁን ወረቀቱን ገፋ አድርጉና ዓምዱ ውስጥ አልገባም የሚል ነገር ፈልጉ። ለእኔ ቦብ ነው። ቦብ ከሀብታሞቹ ወገን ነው። ጆኒ የሚባለውን ግሪሰር ቀለበት ባደረገ እጁ ክፉኛ ደብድቦታል። በኋላ እሱና ጓደኞቹ ተራኪውን፣ ግሪሰሩን ፖኒቦይን ፋውንቴን ውሃ ውስጥ ሲደፍቁት ጆኒ ቦብን በጩቤ ወግቶ ይገድለዋል። እስከዚህ ድረስ ቦብ ክፉ ነው፣ አለቀ። ከሞተ በኋላ ግን ጓደኛው ራንዲ ለፖኒቦይ ያወራለታል። የቦብ ወላጆች «አይሆንም» ብለውት አያውቁም። ልጁ ሲፈልግ የነበረው ደግሞ አንድ ቀን የሚከለክለው ሰው ነበር።

ይህን ይዛችሁ ወደ ፖኒቦይ ቤት ተመለሱ። እናትና አባቱ በመኪና አደጋ ሞተዋል። ታላቅ ወንድሙ ዳሪ ገና በ20 ዓመቱ፣ የኮሌጅ ሕልሙን ትቶ ጣሪያ እየሠራ ሁለት ወንድሞቹን ያስተዳድራል። ፖኒቦይ ስለ ዳሪ የሚያወራው ግን ቁጣውን ነው። አይወደኝም ብሎ ደምድሟል። አንድ ሌሊት አምሽቶ ሲገባ ዳሪ በጥፊ መታው፣ ልጁ ሮጦ ወጣ፣ መዘዙ ሁሉ ከዚያ ተመዘዘ። ጥፊው ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ግን እዩት እስቲ፤ አንዱ «አይሆንም» በዛብኝ ብሎ ያማርራል፣ ሌላው «አይሆንም» አጥቶ ይጠፋል። ይህ ንጽጽር ሰሌዳዬ ላይ አልነበረም።

ጭብጡ ምንድን ነው ስትባሉ «ድህነት» ብላችሁ አትጻፉ። እሱ ርዕሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ ሰው ሊከራከርበት የሚችል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌ «ልጅ ከልካይ ሲያጣ ይጎዳል» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ጆኒን አምጡበት። የጆኒ አባት ይደበድበዋል፣ ቤቱ ቁጣ ሞልቶታል፣ ግን የት አደርክ የሚለው የለም። ዓረፍተ ነገራችሁ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ጥሩ! ዳሪ የሚቆጣው ለፖኒቦይ ፈርቶለት ነው፣ የጆኒ አባት ቁጣ ከዚያ ምኑም የለበትም። ይህን የሚይዝ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።

ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት አንድ የጀምበር መጥለቅ አለ። ተማሪ ሁሉ ይጠቅሰዋል፣ ውብ ነው፣ ግን ደራሲዋ ራሷ ናት የምታስይዛችሁ። ብዙ አትልፉበት።

ይልቅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ፖኒቦይ ከጨለማው ሲኒማ ቤት ወደ ደማቅ ፀሐይ ይወጣል። መጽሐፉ የሚያልቀውም በዚያው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ፖኒቦይ ለትምህርት ቤት ድርሰቱ መግቢያ አድርጎት። ለምን ይመስላችኋል? እኔ መልስ አለኝ፣ ግን አልነግራችሁም።