ስለ ኢምፕላንት ከመወሰንዎ በፊት ስለ አጥንትዎ ይጠይቁ

ውድ እህት፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስዎ ከተነቀለ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ አንዱ ሐኪም ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገባ ብረት ላይ የሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ) ሌላው ደግሞ ብሪጅ (በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚደገፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ) እንደመከሩዎት ገልጸው፣ የኢምፕላንቱ ሕመም ይከብድ እንደሆነ፣ ወራት መጠበቁ የግድ ይሆን እንደሆነና ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሁለት ጥርሶቼን በኢምፕላንት አስተክቻለሁ፤ የመጀመሪያው ያለ ችግር ሲያገለግለኝ ሁለተኛው ከሽፎ እንደገና ተተክሏል። ስለዚህ የምጽፍልዎ የተሳካውንም ያልተሳካውንም በራሴ አፍ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ሰውን ሁሉ የሚያስፈራው ሕመሙ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር፤ በእኔ ግምት ግን ከጉዳዩ ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። ሥራው የሚከናወነው ጥርስ ሲነቀል በሚሰጠው ዓይነት የአካባቢ ማደንዘዣ ሲሆን፣ የተሰማኝ ነገር ሕመም ሳይሆን በመንጋጋ አጥንቴ በኩል እስከ ጆሮዬ የሚደርስ ንዝረትና ያለማቋረጥ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር። ውኃው አፍን ለማጠብ ብቻ የሚረጭ ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ግን ዋናው ሥራው መሰርሰሪያው የሚፈጥረውን ሙቀት ማብረድ ነው። አጥንት ለአንድ ደቂቃ ያህል 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ይጎዳል፣ የተጎዳ አጥንት ደግሞ ብረቱን አይዝም። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በርትቶብኝ ከዚያ በኋላ ቀነሰ፤ ጥርሱ የተነቀለበት ጊዜ ከዚህ የባሰ እንደነበር በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙዎቻችን ኢምፕላንት ስንል በዓይናችን የሚታየው ነጩ ጥርስ ነው፤ ኢምፕላንቱ ግን አጥንት ውስጥ የሚቀረው፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የቲታኒየም ብሎን ነው። በላዩ ላይ ማያያዣ ይገባበታል፣ በማያያዣው ላይ ደግሞ ክራውኑ፣ ማለትም የሚታየው ነጩ የጥርስ ሽፋን፣ ይቀመጣል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ሲያጠኑ ያስገቡትን የቲታኒየም መሣሪያ መልሰው ለማውጣት ሲሞክሩ እምቢ አላቸው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚህ መንገድ ጥርስ የተተከለላቸው የመጀመሪያው ታካሚ እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞቱ ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ ማለት ነው፣ በዚያው ኢምፕላንት ተጠቅመዋል። ይህን የማነሣው ነገሩ ሁሉ የሚቆመው በአጥንቱ ላይ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው፤ አጥንት ካልተቀበለው የትኛውም ውድ ክራውን ዋጋ የለውም።

የእርስዎን የሁለት ዓመት ክፍተት ያየሁትም ከዚሁ አንጻር ነው። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ ይመነምናል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ከዚህም ሌላ ከባዶው ቦታ ትይዩ ያለው የላይኛው ጥርስ የሚገፋው ስለሌለ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጎረቤት ጥርሶችም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። እነዚህ ለውጦች ኢምፕላንትን አይከለክሉም፤ ግን ለክራውኑ የሚበቃ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። አጥንቱን በተመለከተ ተራው ጠፍጣፋ ኤክስሬይ ቁመቱን እንጂ ስፋቱን በትክክል አያሳይም። በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየውን የመንጋጋ ሲቲ ስካን ሳይነሡ ቀጠሮ አይያዙ ብዬ በብርቱ እመክራለሁ። በተለይ በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ስለሚያልፍ፣ በብሎኑ ጫፍና በነርቩ መካከል ቢያንስ የ2 ሚሊ ሜትር ርቀት እንዲኖር ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ፤ ነርቩ ከተነካ ከንፈር ለረጅም ጊዜ ሊደነዝዝ ይችላል። አጥንቱ ቀጥኖ ከተገኘ በአጥንት ሙሌት ማስፋት ይቻላል፣ ነገር ግን ሙሌቱ ራሱ ወራት ይጨምራል።

የከሸፈብኝን ልንገርዎ። ሁለተኛው ኢምፕላንቴ የተተከለው በላይኛው የግራ ጎን ነበር። በሰባተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ብሎኑን የምትሸፍነውና ድድ ላይ ብቅ ያለችው ትንሽ ክዳን በምላሴ ስነካት የዞረች መሰለኝ። ሕመም የለም፣ እብጠት የለም፣ ደም የለም፤ ይህ ነው ያታለለኝ። ክዳኗ ላልታ ይሆናል ብዬ አንድ ሳምንት ዝም አልኩ። ሐኪሙ ሲያዩት ግን የዞረው ክዳኑ ሳይሆን ብሎኑ ራሱ ነበር፤ ያለ ተጨማሪ ማደንዘዣ በጣታቸው እያዞሩ አወጡትና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። አንድም የአጥንት ቅንጣት አልያዘም ነበር፤ ልክ ከማሸጊያው እንደወጣ ያብረቀርቅ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነበር ማለት ይቻላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሞላሁት ቅጽ ላይ አላጨስም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ስጽፈው እውነት ነበር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ወደ ሲጋራው ተመልሼ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቁስሉ የሚያስፈልገውን ደም አያገኝም። እርስዎ የማያጨሱ ከሆነ ይህ አይመለከትዎትም፤ ነገር ግን በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር ሕመም፣ ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችና በመንጋጋ አካባቢ የተደረገ የጨረር ሕክምናም ከባድ ለውጥ ያመጣሉ። እነዚህን ሐኪሙ ባይጠይቁ እንኳ እርስዎ ይንገሯቸው።

መጠበቁ የግድ ነው ወይ ላሉት፣ በአብዛኛው አዎ። ኢምፕላንቱ በተተከለበት ቀን ጠንክሮ የሚቆመው ብሎን እንጨትን እንደሚይዘው አጥንቱን በጥርሶቹ ስለነከሰ ብቻ ነው። ከዚያ አሮጌው አጥንት በዙሪያው እየሟሟ አዲሱ እስኪያድግ ድረስ መካከል ላይ የሚላላበት ወቅት አለ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት አካባቢ በጣም ደካማ የሚሆንበት ነው። በዚያ ወቅት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ትንሽ የሚበልጥ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ እንኳ በአጥንት ፈንታ ለስላሳ ጅማት መሰል ሥጋ እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው በታችኛው መንጋጋ አጥንት ወደ ሦስት ወር፣ አጥንቱ ሳሳ ባለው በላይኛው ደግሞ እስከ ስድስት ወር የሚጠበቀው። በአንድ ቀን ጥርስ እንተክላለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ሁሉ ውሸት አይደሉም፤ በርካታ ኢምፕላንቶች አንድ ላይ ታስረው የሚደጋገፉበት ወይም ጊዜያዊው የፊት ጥርስ ከንክሻ ውጭ የሚደረግበት አሠራር አለ። ነገር ግን ለብቻው ቆሞ የማኘክን ጫና ሁሉ የሚሸከም አንድ መንጋጋ ጥርስ ላይ መቸኮል አይታየኝም።

ብሪጁን የመከሩዎትንም ሐኪም ተሳስተዋል አልልም። ብሪጅ ሁለቱን ጎረቤት ጥርሶች መሞረድ ይጠይቃል፣ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ጎረቤቶቹ ጤነኞች ከሆኑ ይህ ያሳዝናል። ቀድሞውንም ትልቅ ሙሌት ያለባቸው ወይም ክራውን የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ግን ብሪጅ ያለ ቀዶ ሕክምና በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ አስተዋይ ምርጫ ነው። እርስዎ ስለ ጎረቤት ጥርሶችዎ ምንም አልጻፉም፤ ልዩነቱን የሚወስነው አንዱ ነገር ግን እሱ ነው።

ለስንት ጊዜ ያገለግላል ለሚለው፣ በጥሩ ሁኔታ ከተተከሉት ውስጥ ከመቶ ወደ 95 የሚሆኑት አሥር ዓመት እንደሚዘልቁ በሰፊው ይታወቃል። ኢምፕላንት በትል አይበላም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያስተሳስሩት ክሮች እዚህ ስለሌሉ ቆሻሻ ከገባ ወደ ታች ይፈጥናል፣ ብዙ ጊዜም አያምም። እኔ በየማታው በጥርስ መካከል የምትገባውን ትንሽ ብሩሽ እጠቀማለሁ፤ በዓመት ሁለት ጊዜም እታያለሁ። ሲቦረሽ የሚደማ ድድ ካዩ ቀጠሮዎን አይጠብቁ። እንቅልፍ ላይ ጥርስዎን የሚያፋጩ ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ፤ የማታ መከላከያ ይሠራልዎታል።

ክራውኑ በምን እንደሚታሰርም ይጠይቁ። በሙጫ የሚጣበቀው ከድድ ሥር የሚቀር ትርፍ ሙጫ ካለ ድዱን ያስቆጣል፤ በብሎን የሚታሰረው ደግሞ ሊላላ ይችላል፣ ግን ተከፍቶ ይጠበቃል። የኔ የመጀመሪያው በአምስተኛው ዓመት ላልቶ ሳኝክ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማ ጀመር። በዚያን ጊዜ ከሐኪሜ ርቄ ስለነበር ወደማላውቃቸው ሐኪም ሄድኩ፤ ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ የኢምፕላንቱን ዓይነት ነበር፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ አምራች የራሱ መፍቻ አለው። እንደ ዕድል ሆኖ በቀዶ ሕክምናው ዕለት የተሰጠችኝ፣ የአምራቹን ስም፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን የያዘች ትንሽ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ካርዷን አይተው ትክክለኛውን መፍቻ አመጡና በሩብ ሰዓት ውስጥ አጥብቀውልኝ ወጣሁ። ኢምፕላንቱን ከመረጡ ያችን ካርድ ሳይቀበሉ ከክሊኒኩ አይውጡ።