ሽንት ሲያቃጥል የትኛው መድኃኒት? የእናንተ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ናቸው። አራቱን እነሆ።

«ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎም ይመጣል። ካለፈው ሕመሜ የተረፈ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) አለኝ፤ ብውጠው ምን አለበት?»

ተዪው እህቴ! መሳቢያ ውስጥ የቀረው ፍሬ ሙሉ ሕክምና አይሆንም። ብዙ ጊዜ ይህን ሕመም የሚያመጣው ኢ ኮላይ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ ነው፤ በጎደለ መድኃኒት ስትነካኪው ደካማው ይሞትና መድኃኒቱን የተላመደው ይተርፋል። ሲፕሮ ደግሞ አልፎ አልፎ ጅማት እስከ መበጠስና ነርቭ እስከ መጉዳት ይደርሳል። ለዚህም ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ሌላ አማራጭ ላላት ሴት ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን እንዳይታዘዝ ያስጠነቀቀው። ለከባድ ሕመም ይቆየን።

«ታዲያ የቱ ይሻላል? ለስንት ቀን?»

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ናይትሮፉራንቶይን ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት 100 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን፣ ከምግብ ጋር። ሽንትሽ ጠቆር ብሎ ቡናማ ቢመስል አትደንግጪ፣ ከመድኃኒቱ ነው። ፎስፎማይሲን 3 ግራም ዱቄት ነው፤ በውኃ በጥብጠሽ አንዴ ትጠጪዋለሽ፣ አለቀ። ኮትሪሞክሳዞል ለ3 ቀን ይሰጣል፤ ግን ባክቴሪያው በብዛት በተላመደበት አካባቢ አይመከርም፣ በውስጡ ሰልፋ የሚባል የመድኃኒት ዓይነት ስላለ የሰልፋ አለርጂ ያለባት ሴትም አትነካውም። ኩላሊትሽ ደከም ያለ ከሆነ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ምርጫው ስለሚለወጥ ሳትደብቂ ለሐኪምሽ ንገሪው።

«በ2ኛው ቀን ተሻለኝ። ላቁመው?»

አይ፣ ጨርሺው። የቀረሽ እኮ ጥቂት ቀን ነው! ከ2 ቀን በኋላም ካልተሻለሽ ግን ተመልሰሽ የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይሠራልሽ። የብልት ፈሳሽና ማሳከክ ካለሽም ምናልባት ሌላ ሕመም ስለሚሆን ተመርመሪ።

«ምንም አያመኝም፤ ሽንቴ ላይ ግን ባክቴሪያ አለ ተባልኩ።»

ነፍሰ ጡር ካልሆንሽ ብዙ ጊዜ መድኃኒት አያስፈልግሽም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ባይሰማሽም መታከም አለብሽ፣ ምክንያቱም ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ከመጣ ደግሞ፣ እርጉዝም ሁኚ አትሁኚ፣ ጉዳዩ ከፊኛ አልፏል ማለት ነው። ናይትሮፉራንቶይን ኩላሊት ላይ በበቂ መጠን ስለማይደርስ እሱን ይዘሽ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂጂ።