ስለ ነጩ ደመና ለምትጠይቁኝ ልጆች

ልጆቼ፣ ያን ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም፤ ተዋጊ ጄት ባሕር ላይ ዝቅ ብሎ ሲበር ነጭ ደመና ወገቡ ላይ እንደ ነጠላ ተጠምጥሞ። ጆን ጌይ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ በሐምሌ 1999 እ.ኤ.አ. ኮንስቴሌሽን ከተባለችው መርከብ ላይ ሆኖ ያነሳው ነው። ፎቶው «የድምፅን አጥር ሲሰብር»፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ፣ እየተባለ ዓለምን ዞረ። እኔም አውሮፕላን ስጠግን ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው፣ ለተለማማጆች ይህንኑ ስደግም ኖሬያለሁ።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ከአንዲት ተለማማጅ ጋር ቦሌ ሜዳ ዳር ቆመን የመንገደኞች አውሮፕላን ሊያርፍ መጣ። ክንፉ ላይ ስስ ጭጋግ ብልጭ እልም ይላል። «ጋሼ፣ ይሄም የድምፅን አጥር እየሰበረ ነው?» አለችኝ። የሚያርፍ አውሮፕላን ፍጥነቱ ከድምፅ ሩብ ገደማ ቢሆን ነው። የምመልሰው ጠፋኝና «ነይ ሻይ ልጋብዝሽ» ብዬ አድበሰበስኩት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ የማስረዳው በአምቦ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ጠርሙስ አምጡና ቆርኪውን ስትከፍቱ አንገቱን ልብ ብላችሁ እዩ። ጠሽ ሲል ጭስ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ይጠፋል። ታፍኖ የነበረው ጋዝ ድንገት ሲለቀቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበትም ጤዛ ይሆናል። ክንፍ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ አየሩ በክንፉ ላይኛው ገጽ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጤዛል። ጄቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት (ባሕር ወለል ላይ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲጠጋ የግፊቱ መውረድ ስለሚበረታ ደመናው ገላውን ሁሉ ይከባል። ከኋላ በኩል ግን ግፊቱ በአንዲት ስስ፣ በዓይን በማትታይ የአየር ሞገድ ግድግዳ ላይ ድንገት ይመለሳል፤ አየሩ ይሞቅና ጠብታው ይተናል። የደመናው ጀርባ በቢላ የተቆረጠ የሚመስለው ለዚህ ነው። ደመናው ከጄቱ ጋር የሚጓዝ ይመስላል እንጂ በየቅጽበቱ ሌላ አየር፣ ሌላ ጠብታ ነው።

ስለዚህ ደመናው ከድምፅ ፍጥነት በታችም ይታያል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ጄቱ ከድምፅ ቢፈጥንም ላይታይ ይችላል። የባሕር አየር እርጥብ ነውና የባሕር ላይ ፎቶዎች የሚበዙትም ለዚሁ ነው።

ብዙዎች የሁለት የአየር ፍሰት ሊቃውንትን፣ የፕራንትልንና የግላወርትን፣ ስም ይለጥፉበታል። በክንፍ ላይ ያለውን ግፊት የሚያሰላው የእነሱ ቀመር ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሠራ ነው፤ ልክ ድምፅ ፍጥነት ላይ ሲደርስ መልሱ ወሰን የለሽ ይሆናል። እንግዲህ ቀመሩ የማይሠራበት ቦታ ለምስኪን ጤዛ ስም ሆኖ ቀረ! ከሞተር ጀርባ የሚዘረጋው ረጅም ነጭ መስመር ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ በብርድ ጠዋት ከአፋችን እንደሚወጣው እንፋሎት ነው።

በክረምት ከተሳፈራችሁ ከክንፉ ትንሽ ወደ ኋላ ያለውን የመስኮት ወንበር ጠይቁ። ለማረፍ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚወጣው ተንቀሳቃሽ ሳንቃ) ሲዘረጋ ስልካችሁን አስቀምጡና የፍላፑን ጫፍ እዩ፤ እንደ ፈትል የቀጠነ ነጭ ክር ሲሽከረከር ልታዩ ትችላላችሁ።